ለአስካለ የተጨመቀ ዘይቱን

ጎረቤታችሁ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አላውቅም፤ የእኔ ጎረቤት ግን ሰው አይደለም፣ የበርበሬ ወፍጮ ነው። ቡታጅራ ላይ ከበርበሬ ወፍጮ አጠገብ ቤት የሠራ ሰው ዓመቱን በሰላም ይከርምና ህዳር ሲገባ ኃጢአቱ ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጠርበታል። አገሩ የዓመት በርበሬውን የሚያስፈጨው ያኔ ነው። ጆንያው በጋሪ ይመጣል፣ ወፍጮው ከማለዳ ይጮሃል፣ እኛ እናስነጥሳለን። ስጸልይ እንኳ "አሜን" ላይ ስደርስ ሁሌ ማስነጠሱ ይቀድመኛል። እንግዳ ቤታችን መጥቶ ዓይኑ ሲያነባ "እንዴት ቢወደን ነው" እያልን እንሸኘዋለን።

ወፍጮውን አልወቅሰውም። ሥራው ነው። ቦታውን አይቼ የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ያየሁት ግን ሚያዝያ ላይ ነበር። ሚያዝያ ላይ የበርበሬ ወፍጮ ከቤተ ክርስቲያን የበለጠ ጸጥ ይላል።

ይህን ሁሉ ዓመት ስቀንበት አሳልፈነዋል። ዘንድሮ ግን ባለቤቴ አስካለ ታመመች።

ሕመሟ የሆድ ነው። ሆስፒታል ስንሄድ ሐኪሞቹ እኔን ወንበር ላይ አስቀምጠው ልጃችንን ትግስትን ወደ ኮሪደር ወሰዷት። እኔ ትምህርት ብዙ የለኝም፣ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ የልጄን ፊት ማንበብ ግን አያቅተኝም። ተመልሳ "ደህና ነው አባዬ፣ ቤቷ ሆና ትታከም ነው ያሉት" አለችኝ። ቤቷ ሆና። ገባኝ። አስካለም ገባት። ሦስታችንም የገባንን ነገር ሦስታችንም እንዳልገባን ሆነን ሚኒባስ ውስጥ ስለ ሽንኩርት መወደድ እያወራን ወደ ቤት ተመለስን።

ከዚያ አስካለ መጀመሪያ እህል ተወች። ቀጥላ ውሃ ተወች። ለመጠጣት ትሞክራለች፤ ወፍጮው ይነሳል፣ ታስላለች፣ የጠጣችው ይመለሳል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ በውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት ሰጠችንና "በትንሽ በትንሹ ትጠጣ አባባ፣ መጠጣት ካቆመች ግን ሰውነቷ አይችልም" አለችኝ። በጠበጥኩላት። አስካለ ቀመሰችው።

"ይኼ እንባ እንባ ይላል" አለች። "እንባ ከሆነ ደግሞ ወፍጮው መቼ አነሰኝ።"

ትግስት የምትሠራው አዲስ አበባ ነው፤ ወደ ሥራዋ ከተመለሰች ወዲህ በየቀኑ ትደውላለች። ጆሮዬ ስለደከመ ስልኩን የማወራው ድምፁን ከፍ አድርጌ ነው፤ በእኛ ቤት በስልክ የሚነገር ምስጢር የለም። "አባዬ" አለችኝ፣ "እሁድ መኪና ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ እማዬ መጠጣት ካልጀመረች አዲስ አበባ ወስጄ ግሉኮስ እንዲሰጧት አደርጋለሁ። ዝም ብዬ አላያትም።"

ልጄም እውነቷን ነው። አስካለ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "እዚያ የትግስት ፎቅ ላይ አልሞትም" አለች። "ከመስኮቱ የሚታየኝ የሌላ ሰው መስኮት ነው። አንተ ሰው፣ እዚያ እንዳትሰደኝ።"

"ጠጪያ እንግዲህ!"

"ልጠጣ ብዬ ነው እኮ። አልወርድ ብሎኝ ነው።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ መስቃን ነኝ፣ አስካለ የእዣ ልጅ ናት፣ የአገና አካባቢ። ያው ጉራጌ ለጉራጌ ናችሁ ትሉ ይሆናል። የእሷን ቋንቋ እኔ ግማሹን ነው የምሰማው፤ የእኔን እሷ ጭራሽ አልሰማም ትላለች። ስለዚህ ዕድሜያችንን ሙሉ የተግባባነው በአማርኛ ነው። ስንጣላ ግን እሷ በራሷ፣ እኔ በራሴ፤ ማን ማንን ምን ብሎ እንደሰደበ ሳይታወቅ ይመሻል። የትዳር ዕድሜያችን የረዘመው በዚህ ይመስለኛል። "እንዳትሰደኝ" ያለችኝ ግን በአማርኛ ነበር። አንድም ሳይቀር እንዲገባኝ ፈልጋለች ማለት ነው።

በማግስቱ ደግሞ ህዳር ሲታጠን ሆነ። በሽታ ይውጣ ብሎ ያገሬ ሰው የቤቱንም የደጁንም ጥራጊ እየሰበሰበ አነደደው። ከግራ በርበሬ፣ ከቀኝ ጭስ። በሽታው ወጥቶ እንደሆነ እንጃ፣ በሽተኛዬን ግን ሊያወጣብኝ ነበር። አስካለ ሳሉ ጋብ ሲልላት እጄን ይዛ "መሬታችን ውሰደኝ" አለች።

መሬታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው። ከአባቴ የደረሰኝ ነው። የአባቴ ጎጆ ፈርሶ መሬት ከሆነ ቆይቷል፤ አሁን ያለው እንሰት ነው፣ አንድ ትልቅ አቮካዶ፣ ጥቂት ፓፓያና ሎሚ፣ አጥሩን ይዞ ደግሞ የዘይቱን ዛፎች።

"ቤት በሌለበት የት ልትተኚ ነው?" አልኳት።

"ሸራ ሰፊ አይደለህም እንዴ? ለሞተ ሁሉ ድንኳን ስትሰፋ ኖረሃል። እኔ ከነሕይወቴ ብገባበት ምን ይልሃል?"

እውነቷን ነው፣ ሥራዬ ሸራ መስፋት ነበር። የጭነት መኪና ሸራ፣ የገበያ ዳስ፣ የአካባቢው እድሮች የለቅሶ ድንኳን። ቤቴ ውስጥ ከእድር ድንኳን የተረፈ አንድ ትልቅ ቁራጭ ነበረኝ፤ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ላይ ነጭ መስመር ያለው። ሸራ ሸራ ነው ብዬ እሱኑ አነሳሁ። ሸራ ሰፊ የሚያየው ስፌቱን ነው፤ ቀለሙን የሚያየው ሌላው ሰው ነው። ይኼን የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

ስንወጣ አስካለ አንድ ሕግ አወጣች። "ክብሪት እንዳትይዝ። እሳት የለም፣ ጭስ የለም፣ የሚበስል ነገር የለም። የተጠበሰም የተቀቀለም ሽታው ሆዴን ይገለብጠዋል።" የአዲስ አበባ ወጣቶች ድንኳን ይዘው ጫካ እየሄዱ እንደሚያድሩ ትግስት በስልኳ አሳይታኝ ነበር። ካምፒንግ ይሉታል። ቤት እያላቸው። ያኔ ስቄባቸዋለሁ። እግዜር የሳቁበትን ነገር አዙሮ ያመጣል፤ እነሱ እንኳ ቢያንስ ክብሪት ይይዛሉ።

ባጃጅ ተኮናተርን። ሸራው ከላይ፣ ምሰሶዎቹ በጎን ወጥተው፣ አስካለ ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ። ባለ ባጃጁ ሸራውን አይቶ ፊቱን ከበድ አደረገና "አባባ፣ የማን ሐዘን ነው?" አለኝ።

አስካለ ከውስጥ ሆና "የእኔ ነው ልጄ፣ ቀስ ብለህ ንዳ" አለችው።

ልጁ ከዚያ በኋላ ከጋሪ ጀርባ ነበር የሄደው። አንድም ጊዜ ወደ ኋላ አልዞረም።

ድንኳኑን አቮካዶው ሥር ተከልኩ። አስካለ ገብታ ተኛች፤ ሳሉ በእርግጥም ቀለል አለላት። አሁን የቀረኝ የሚወርድላት መጠጥ ማግኘት ነው። እሁድ ሳይደርስ። ያለ እሳት።

መጀመሪያ የሎሚ ውሃ አሰብኩ። የሎሚ ውሃ ቀዝቃዛ ካልሆነ ምን ዋጋ አለው? የድሮ የጭነት ሾፌሮች የሸራ ከረጢት ውስጥ ውሃ ሞልተው መኪናው ፊት ላይ ያንጠለጥሉ ነበር፤ ነፋስ ሲመታው በረዶ ይሆናል። እኔም አንድ ከረጢት ሰፋሁ፣ ውሃውን ከሎሚና ከማር ጋር ሞልቼ ዛፉ ላይ ሰቀልኩት። ሲመሽ በእርግጥ ቀዝቅዟል። የረሳሁት፣ ያሁኑ ሸራ ውሃ እንዳያስገባ ሰምና ዘይት የጠጣ መሆኑን ነው። አስካለ አንድ ጊዜ ፉት አለችና ወደ ጽዋው ውስጥ አየች።

"ሎሚው የታለ?"

"ውስጡ ነው።"

"እኔ ያገኘሁት የአይሱዙ ሸራ ነው። ከእንግዲህ ዝናብ ቢዘንብ ሆዴ ውስጥ ጠብ አይልም።"

ቀጥሎ ዘይቱኑን ለቀምኩ። ዘይቱን ስትሉ ሽታው ብቻ ግማሽ መድኃኒት ነው፤ ግን ውስጡ ያ ሁሉ ፍሬ አለ፣ ጠጠር ማኘክ ነው። ማጥለል ያስፈልጋል። አዲስ አቡጀዲድ ይዤ ነበርና ቀድጄ በእሱ ጨመቅኩት። አዲስ አቡጀዲድ ሳይታጠብ ማጠንከሪያው ስታርች አይለቅም፤ ይኼን እንኳ እኔ ዕድሜ ልኬን ከጨርቅ ጋር የኖርኩት ረሳሁት። የወጣው ነገር ከጽዋው አልወርድ አለ። አስካለ ከንፈሯን አላቀቀችና፣

"ይኼንን ለትግስት ላክላት" አለች፣ "ቢሮዋ ፖስታ ትለጥፍበታለች።"

ሳቅን። ከዚያ ያቺን የዋጠቻትን አንዲት ጉንጭ መለሰቻት፤ ሳቁም ቆመ። ጀርባዋን ደግፌ ስይዛት አጥንቷ እጄ ውስጥ ገባ። ይኼ እጅ ስንት ከባድ ሸራ ሲያገላብጥ የኖረ ነው፤ እንደዚያ የቀለለ ነገር ይዞ ግን አያውቅም። ስታርፍ አስተኛኋትና ወደ እንሰቱ ውስጥ ገባ ብዬ ትንሽ ቆምኩ። ለምን እንደገባሁ ከጠየቃችሁኝ፣ ቅጠል ልቆርጥ ነው።

በማግስቱ ጨርቁን አሽቼ አጠብኩ። ልስልስ ያሉትን ዘይቱኖች ብቻ መረጥኩ። ፓፓያውን ልጬ ባልዲ ውስጥ በእጄ ደፈጠጥኩት፤ በላዩ ዘይቱኑን አጠለልኩበት፣ ማር ጨመርኩ፣ ነርሷ ብላኝ ስለነበር ቆንጠር አድርጌ ጨው። ልኩን የት አውቄ? ሴቶቻችን ጓዳ ገብተው በዓይናቸው ይለካሉ፤ እኔ በዓይኔ የምለካው ክንድና ስንዝር ነው። አንዴ ሲወፍር ውሃ፣ ሲቀጥን ፓፓያ፣ እንደገና ሲወፍር ውሃ እያልኩ ለአንዲት ሚጢጢ በሽተኛ አንድ ሙሉ ባልዲ አወጣሁ። ባልዲውን በረጠበ ጆንያ ጠቅልዬ ጥላ ሥር አስቀመጥኩና ቀመስኩት። እንዴት ልበላችሁ? የአገሬ ዘይቱን ሁሉ እስከዛሬ በከንቱ እየረገፈ መበስበሱ አሳዘነኝ።

አስካለ እንቅልፍ ይዟታል። ስትነሳ ልሰጣት ነው። የቀረኝ ሎሚ መጭመቅ ብቻ ነበር፤ አንዱን ጠንካራ ሎሚ ጠበቅ አድርጌ ብይዘው ፈንድቶ ሁለቱንም ዓይኔን አጠፋልኝ።

ያን ጊዜ ነው የመጡት።

ሐጂ ከድር የሚባል የመሬት ጎረቤቴ አለ። አብሮ አደጌ ነው። ሐጂ ከሆነ ወዲህ "አንቱ ልበልህ" ስለው "ያን ጊዜ ዛፍ ላይ ወጥተን የሰረቅነውን ሁሉ ልናገር?" ብሎ ስለከለከለኝ "አንተ" እንደተባባልን ቀርተናል። ይኼ ሐጂ ከመስጊድ ሲመለስ ድንኳኑን ከሩቅ ያየዋል። አረንጓዴ፣ መሐሉ ላይ ነጭ መስመር፤ የእድር ድንኳን። አስካለ እንደታመመች ያውቃል። በእኛ አገር ደግሞ ድንኳን የተተከለበት ደጅ ሄዶ "ምን ሆናችሁ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። ነውር ነው። እያለቀሱ መግባት ነው። ስለዚህ ሐጂ እኔን ሳይሆን አገሩን ነው የጠየቀው፤ አገሩም ድንኳኑን አይቶ መለሰለት። እስከ አገና ድረስ፣ እስከ አስካለ ታናሽ እህት እስከ ብርነሽ ድረስ ተደወለ። የእኔ ስልክ እዚያ ኔትወርክ የለውም።

እኔ የማየው የለም፣ ዓይኔ በሎሚ ነዷል። እንባዬ ባገጬ ይወርዳል፣ እጄ እስከ ክርኔ በዘይቱን ተለውሷል። የብዙ እግር ኮቴ ሰማሁ፤ ወዲያው አንድ ሰፊ ደረት መጥቶ ፊቴን ዋጠው።

"ወንድሜ! አላህ ያጽናህ! ብቻህን ተከልከው? ምነው ሳትነግረኝ?"

"ከድር… ሎሚ ነው…"

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ሐዘን መጀመሪያ ላይ ያስቀባዥራል።"

ከእሱ ደረት ስላቀቅ ሌላ ደረት፣ ከዚያ ሌላ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ምን ብዬ ልጩህ? "አልሞተችም" ልበል? እኔ እኮ ያን ቃል ባፌ አንስቼው አላውቅም፣ ለማስተባበል እንኳ። ደግሞ ከጮህኩ ትነቃለች። ነቅታ ይኼን ትሰማለች። ስለዚህ በሹክሹክታ "ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ" እላለሁ፤ እነሱ ደግሞ ይህን ሲሰሙ ባሰባቸው።

ሰዉ ድንኳኑ ፊት ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ፀሐዩ ከባድ ነው፣ የመጡት በእግር ነው። "እሳት እንኳ የሚያነድለት ሰው የለም፣ ቡና የለም" እያሉ አዘኑልኝ። መቼም በየለቅሶው ማንም ሳያዝዘው ተነስቶ የሚያስተናግድ አንድ ሰው አይጠፋም። ያ ሰው ባልዲዬን አየው። ጣሳም አገኘ።

"ምንድነው ይኼ? ይጣፍጣል እኮ!"

"ዝም በል አንተ፣ ለቅሶ ላይ አይጣፍጥም ይባላል?"

"እሺ አልጣፈጠም። ድገመኝ።"

ዓይኔ ሲገለጥልኝ ያየሁት ነገር ባልዲው ከመሐሉ በታች መውረዱን ነው። የአስካለ መጠጥ። እሁድ ሳይደርስ ልትጠጣው የነበረው መጠጥ። ያኔ የምሬን አለቀስኩ፤ ሰውም "አሁን ገና ወጣለት" ብሎ ደስ አለው።

ብርነሽ የደረሰችው በዚህ መሐል ነው። ከመንገዱ ጀምራ ነው የመጣችው፣ ደረቷን እየደቃች። ብርነሽ ለቅሶ ትችልበታለች፤ ሟቹን ያላወቀ ሰው እንኳ አብሮት ያደገ እስኪመስለው ታስለቅሳለች። "እህቴ! የቤቴ ምሰሶ! እምቢ የማታውቅ እህቴ! ብርዱ ሲመታኝ ጋቢዋን ከትከሻዋ አውልቃ የምታለብሰኝ!"

ከድንኳኑ ውስጥ ድምፅ መጣ። "አላለበስኩሽም። ተውሰሽ ነው ያላመጣሽው።"

አንዱ እንሰቱን ሰንጥቆ ሮጠ፤ ቅጠሉ ሲቀደድ እስከ ወንዙ ድረስ ይሰማ ነበር። ሐጂ "አዑዙ ቢላህ" ብሎ ቆመ። ብርነሽ እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ ቀረ። አስካለ የድንኳኑን በር ገለጥ አድርጋ፣ ምሰሶውን ይዛ ብቅ አለች። ትስቃለች። ከሆስፒታል ከተመለስን ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም።

"ቀጥይ እንጂ ብርነሽ፣ ጥሩ ይዘሽው ነበር።"

"አስካለ! አለሽ እንዴ?" አለ ሐጂ።

"እስካሁን አለሁ ሐጂ። በከንቱ አደከምኳችሁ፣ ይቅርታ።" ከዚያ ዙሪያውን አየችና "ምንድነው የምትጠጡት?" አለች።

ሁሉም የያዘውን ከኋላው ደበቀ። ባልዲው ባዶ ነበር። ሐጂ ብቻ ግማሽ የቀረው ጣሳ እጁ ላይ ነበር፣ ደንግጦ መደበቁን ረስቶታል።

"ከአፌ የቀረ ነው እቴ፣ ነውር ነው" አላት።

"አምጣው። በእኔ ለቅሶ ላይ ሁሉም ጠጥቶ እኔ ብቻ ልቅር?"

ሰጣት። ጠጣች። እኛ ሁላችንም ጉሮሮዋን ነበር የምናየው። አንድ ጊዜ ወረደ። ደገመች፣ ወረደ። ቁጭ ብለን ጠበቅን፤ ያን ያህል ሰው ሰብሰብ ብሎ የአንዲት ሴት ሆድ ምን እንደሚወስን ሲጠብቅ። አልተመለሰም። አስካለ ጣሳውን ወደ እኔ ዘረጋችና "ጨው አብዝተሃል" አለች።

ለምን ያኔ እንደወረደላት አትጠይቁኝ፣ አላውቅም። ሰው የወደደውን ሲጠጣ አይታ ይሆናል። ስቃ ስለነበር ይሆናል። ሐኪም የሚያውቀው ነገር ይኖር ይሆናል። እኔ የማውቀው፣ ለቀስተኞቹ በእፍረት ተነስተው ወደየአጥራቸው መሄዳቸውንና ዘይቱን በጨርቃቸው ቋጥረው መመለሳቸውን ነው። ብርነሽ ቀሚሷን ሰብስባ ከእኔ ጋር ስትደፈጥጥ ዋለች፤ እየደፈጠጠች ስለ ጋቢው ትከራከራለች።

እሁድ ትግስት መጣች፤ ከቤት ስንወጣ መሬታችን እንደምንሄድ በስልክ ነግሬያት ነበር፣ ድንኳኑን ግን አልነገርኳትም። መኪናዋን መንገዱ ላይ አቁማ ቀና ስትል ያየችው ድንኳን ነው፣ ድንኳኑ ፊት የተቀመጠ ሰው። ልጄ እዚያው አፈሩ ላይ በጉልበቷ ወደቀች። እናቷ ጣሳ ይዛ "ትግስቴ፣ ምን ወደቀብሽ? ነይ ቅመሺ" ባትላት ኖሮ እንጃ። ያን ቀን እናቷ በትንሽ በትንሹ እየጠጣች ስትውል ቁጭ ብላ አየቻት። ሲመሽ እኔ ጎን መጥታ፣ ኮሪደሩ ላይ የነገሯትን ሁሉ ነገረችኝ።

"አውቄዋለሁ" አልኳት።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?"

ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። ሲበቃት "አልወስዳትም አባዬ" አለች።

አስካለ ከዚያ ድንኳን ወደ ከተማ አልተመለሰችም። ሰው ከየመንገዱ ጎራ ይላል፣ ሐጂ በየማለዳው ከገበያ መልስ ፓፓያ ያመጣል፣ ትግስት ከሥራ ባረፈች ቁጥር ትመጣለች። ዘይቱኑ አለቀና በሎሚ፣ ሎሚውን ሆዷ ሲጠላው በፓፓያ ብቻ ቀጠልን። ጣሳው ግማሽ ጣሳ ሆነ። ግማሽ ጣሳው ማንኪያ ሆነ። በኋላ ጨርቅ አርጥቤ ከንፈሯን ማርጠብ ብቻ ቀረ፤ እሱንም "ደህና አድርገህ ነው የሠራኸው" ትለኛለች። የገና በዓልም አለፈ።

አንድ ማለዳ ስነሳ አስካለ የለችም። ማለቴ አጠገቤ ነበረች፤ ግን ሄዳለች።

መጮህ ነበረብኝ። አልጮህኩም። እንደዚያ ያለ ቀን ድንኳን ይተከልና ሰው ያያል፤ የእኛ ድንኳን ግን ተተክሎ ከርሟል። ሰዉ ለምዶታል። በአጠገቡ የሚያልፈው ሁሉ "አስካለ ያለችበት" ነው የሚለው። ታዲያ መሄዷን በምን ይወቁ? ሐጂ ወደ ገበያ ሲሄድ ከመንገዱ ሆኖ "አሰላሙ አለይኩም! አስካለ እንዴት አደረች?" ብሎ ጮኸ። እጄን አነሳሁ። ሌላ የማነሳው ነገር አልነበረኝም። እሱም ደህና ናት ማለቴ መስሎት እጁን አንስቶ አለፈ።

እንዲህ ሆነና ብቻችንን ቀረን። በእኛ አገር ሚስቱ የሞተችበት ሰው ብቻውን አይተውም፤ ገና እስትንፋሷ ሲወጣ ሰው ይሞላል፣ ሴቶች ይረከቧታል፣ ባልየው ወደ ውጭ ይወጣል። እኔ ግን ያን ማለዳ ሙሉ ከእሷ ጋር ቁጭ አልኩ። ወፎቹ አቮካዶው ላይ ይጣላሉ። ትናንት የጀመርኩላትን ወሬ ነበር፣ ጨረስኩላት። ሻሿ ተንሸራቶ ጸጉሯ ወጥቶ ነበር፤ አስካለ ሰው ፊት ጸጉሯ እንዲታይ አትወድም። ዕድሜዬን ሙሉ ለሴት ሻሽ አስሬ አላውቅም። አንዴ አሰርኩት፣ ፈታሁት፣ እንደገና አሰርኩት። መጨረሻ ላይ የማውቀውን ቋጠሮ ቋጠርኩት፣ የድንኳን ገመድ የሚታሰርበትን።

ሐጂ ተመልሶ መጣ። በሩን ገለጠ፣ አየ፣ ፓፓያውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ። አላለቀሰም። አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ፣ "ወንድሜ፣ ልጥራቸው?" አለኝ።

ጠየቀኝ።

"ትንሽ ቆይ" አልኩት።

ወጥቶ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። "እዚያው ሁኑ፣ ተኝተዋል" እያለ ሰው ሲመልስ ይሰማኝ ነበር። መጨረሻ ላይ እኔው "ጥራቸው" አልኩት።

ትግስትም ከአዲስ አበባ፣ ብርነሽም ከአገና ደረሱ። ሴቶቹ ገብተው ሊያጥቧት እኔን ሲያስወጡኝ፣ ብርነሽ ቋጠሮውን አየችው። "ይኼን ማን ነው እንዲህ ያሰረው?" ብላ ልትፈታው እጇን ሰደደች። ዞር ስትል በሩ ላይ ቆሜ አየችኝ።

እጇን ሰበሰበች። አስካለን የሸኘናት ሻሹ እንደዚያው ታስሮ ነው።